የሻጭ ስም የማን ነው?

በኤሌክትሮኒክ የጨረታ ገበያዎች ከሻጩ የሚወሰደው ክፍያ እየጨመረ ስለ መሄዱ የተደረገ ንግግር



ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ አሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ኤረር በሚያመራበት መሥመር ላይ ሁርሶ ትገኛለች። ሁርሶ በብዙ ሰው ዘንድ የምትታወቀው በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። በዙሪያዋ ግን አርሶ አደሩም አርብቶ አደሩም ይኖራል፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጎን ለጎን ይነገራል፤ ፍየልና ግመል ይረባል። ከዚህች ቆላማ ሥፍራ አንድ ሰው ሁለት ፍየል ይዞ ድሬዳዋ ገበያ ሊሸጥ ቢነሣ፣ ከሚያገኘው ዋጋ ላይ ምን ምን እንደሚቀነስበት ገና ከቤቱ ሳይወጣ ያውቀዋል። የመኪና ይከፍላል፤ የኮቴ ይከፍላል፤ ከዚያም ደላላው አለ።

ስለ ደላላ ክፉውን ብቻ ማውራት የተለመደ ነው። ይሁንና በምሥራቁ ቆላ የከብት ገበያዎች ደላላ ዋጋ የሚያስማማ ሰው ብቻ አይደለም። ሻጩን በጎሣውና በሠፈሩ ያውቀዋል፤ የቀረበው እንስሳ የስርቆት አለመሆኑን በራሱ ስም ያረጋግጣል፤ በኋላ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ ተጠያቂ የሚሆነው እርሱ ነው። ዋጋው ሲነገር ሌላው ሰው እንዳይሰማ እጅ ለእጅ ተያይዞ በጨርቅ ሥር በጣት ምልክት የሚጨረስበት ልማድም አለ። ደላላው ድርሻውን የሚወስደው ለዚህ ሁሉ ነው። ድርሻው አንዳንድ ጊዜ ፍትሕ ይጎድለዋል፤ ጠብም ያስነሣል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ኮቴ የሚከፈለው በእንስሳው ቁጥር እንጂ በዋጋው መጠን አይደለም። ሁለተኛ፣ ሻጩ በደላላው ባይደሰት በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ደላላ፣ ወይም ወደ ሌላ ገበያ ሊሄድ ይችላል፤ ሲሄድም «የእገሌ ልጅ ነው፤ ከብቱ ንጹሕ ነው» የሚለው ስሙ አብሮት ይሄዳል። ደላላው ያንን ስም በሣጥን ቆልፎ ሊያስቀረው አይችልም።

ዛሬ የሚነገረው ስሙ ስለሚቆለፍበት ገበያ ነው።

በዓለም ላይ ከታወቁት የኤሌክትሮኒክ ጨረታ ገበያዎች ቀዳሚው ኢቤይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1995 ፒየር ኦሚድያር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ በካሊፎርኒያ «ኦክሽንዌብ» ብሎ በጀመረው ጊዜ አገልግሎቱ ለሻጭም ለገዥም በነጻ ነበር። በመጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር ብርሃን መጠቆሚያ እንደነበረና ዋጋውም 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም እንደነበረ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በሚቀጥለው ዓመት የጎብኚው ብዛት እየጨመረ ሲሄድ የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢው ድርጅት የወር ሒሳቡን ከ30 ዶላር ወደ 250 ዶላር ከፍ አደረገበት። ኦሚድያርም ወጪውን ለመሸፈን ሻጮች ከሽያጫቸው ጥቂት እንዲከፍሉ ጠየቀ፤ ዋጋው ከ25 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ በመቶ 5፣ ከዚያ በላይ ለሆነው በመቶ 2.5 ነበር። የሚያስገድድ መሣሪያ አልነበረውም። ሻጮች ቼክና ሣንቲም በፖስታ አሽገው ይልኩለት ነበር።

ይህ አጀማመር ለመሐንዲስ የሚገባ አጀማመር ነው። አንድ የታወቀ ወጪ ነበር፤ ያንን ወጪ የሚሸፍን ክፍያ ተወሰነ። የኋላው ታሪክ የሚያስተዛዝበው ክፍያው ከዚህ ከተለካ ወጪ ጋር የነበረው ዝምድና እየላላ መሄዱ ነው።

በዚያው በ1996 ሌላ አንድ ነገር ተጨመረ፤ በጊዜው እንደ ትንሽ ነገር የታየ ነበር። ገዥና ሻጭ ስለ እርስ በርሳቸው ምስክርነት የሚጽፉበት መዝገብ ተከፈተ። ዕቃው በጊዜው ደረሰ ወይስ አልደረሰም፤ እንደተባለው ሆነ ወይስ አልሆነም፤ ይህ ሁሉ በሻጩ ስም ትይዩ እየተጻፈ ይከማች ጀመር። የማይተያዩ ሰዎች እንዲተማመኑ ያደረገው ይህ መዝገብ ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የከብት ደላላ በራሱ አንደበት የሚሰጠውን ዋስትና መዝገቡ በቁጥር ተካው። ልዩነቱ፣ መዝገቡ የተቀመጠው በገበያው ባለቤት ኮምፒዩተር ውስጥ መሆኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክፍያው እንዴት እንዳደገ ጥቂት ቁጥሮች ያሳያሉ። በጥር 2005 ኢቤይ በገበያው ውስጥ ቋሚ ሱቅ ለከፈቱ ሻጮች የሽያጭ ድርሻውን ከመቶ 5.25 ወደ 8 ከፍ አደረገ፤ የአነስተኛውን ሱቅ የወር ኪራይም ከ9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ወደ 15 ዶላር ከ95 ሳንቲም አሳደገ። በጥር 2008 ዕቃ ለማስመዝገብ የሚከፈለው ቀነሰ፤ ከመጀመሪያው 25 ዶላር ላይ የሚወሰደው ድርሻ ግን ከመቶ 5.25 ወደ 8.75 ወጣ። በዚያው ጊዜ ሻጭ በገዥ ላይ መጥፎ ምስክርነት እንዳይጽፍ የሚከለክል ደንብ ታወጀ። ሻጮች በየካቲት ወር ለአንድ ሳምንት ዕቃ ላለማቅረብ ተስማምተው አድማ አደረጉ። አድማው አለፈ፤ ደንቡ ጸና።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ከቀድሞዎቹ ጋር ማስተያየት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀድሞ ገንዘብ ማስተላለፊያው ለብቻው ይከፈል ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ኢቤይ ገንዘቡን ራሱ ተቀብሎ ለሻጩ የሚያስተላልፍ ስለሆነ፣ ሁለቱ ክፍያዎች በአንድ ተጠቃለዋል። ስለዚህ 8.75 እና 13.6 ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነታቸው ሁሉ ጭማሪ ነው ቢባል ስሕተት ይሆናል። ከተጠቃለሉ በኋላ ያለው ጉዞ ግን ያለ ማስተያየት ችግር ይነበባል፤ በአሜሪካ ለአብዛኛው የዕቃ ዓይነት፣ ሱቅ ለሌለው ሻጭ፣ በ2022 በመቶ 12.9፣ በ2023 በመቶ 13.25፣ ከየካቲት 2025 ጀምሮ በመቶ 13.6 ሆነ። ከዚህም ሌላ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ቁርጥ ያለ የሣንቲም ክፍያ አለ። የእጅ ሥራ ውጤቶች የሚሸጡበት ኤትሲ የተባለው ገበያም ድርሻውን በ2018 ከመቶ 3.5 ወደ 5፣ በሚያዝያ 2022 ደግሞ ወደ 6.5 አሳድጓል፤ በ2022ቱ ጭማሪ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሻጮች ሱቃቸውን ለአንድ ሳምንት ዘግተው ተቃውመዋል።

«ከመቶ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ጭማሪ ምን ያስጮኻል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው በሒሳብ ካልተመለሰ የዚህ ጉዳይ ክብደት አይታይም።

በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሐረር የመጣላትን ሙዳይ ለጨረታ አቀረበች እንበል። ሙዳዩ ከነማስመጫው 30 ዶላር ፈጅቶባታል፤ በ50 ዶላር ተሸጠ። ገዥው ለፖስታ 10 ዶላር፣ ለመንግሥት የሽያጭ ታክስ 5 ዶላር ጨምሮ በጠቅላላው 65 ዶላር ከፈለ። አሥሩ ዶላር እንዳለ ለፖስታ ቤት፣ አምስቱ እንዳለ ለመንግሥት ይሄዳል። ከሙዳዩ ሊገኝ የሚችለው ትርፍ እንግዲህ 20 ዶላር ነው።

የገበያው ድርሻ የሚታሰበው ግን ከ20 ዶላሩ አይደለም፤ ከ50 ዶላሩም አይደለም። የሚታሰበው ፖስታውንና ታክሱን ጨምሮ ከ65 ዶላሩ ነው። የ65 ዶላር 13.6 በመቶ 8 ዶላር ከ84 ሳንቲም ይሆናል፤ ቁርጡ 40 ሳንቲም ሲታከልበት 9 ዶላር ከ24 ሳንቲም። ለሻጪቱ የቀረላት 10 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነው። በወረቀት ላይ 13.6 በመቶ የሚባለው ከሙዳዩ ዋጋ 18.5 በመቶ ያህል፣ ከትርፏ ደግሞ 46 በመቶ ያህል ሆነ ማለት ነው። ድካሟ፣ ፎቶግራፍ ማንሣቷ፣ ማሸጓ፣ ከገዥ ጋር መጻጻፏ ገና አልታሰበም።

አሁን ደግሞ ድርሻው በመቶ 10 ቢሆን ኖሮ ይታይ። ገበያው የሚወስደው 6 ዶላር ከ90 ሳንቲም፣ ለእርሷ የሚቀረው 13 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይሆን ነበር። በገበያው ማስታወቂያ ላይ 3.6 ነጥብ ሆኖ የሚታየው ልዩነት፣ ወደ ሻጪቱ ቤት ሲገባ ገቢዋን በመቶ 18 ያህል ይቆርጣል። ምክንያቱም ክፍያው የሚለካው በጠቅላላው ፍሰት ሲሆን፣ ሻጭ የሚኖረው ግን ከፍሰቱ ጫፍ በሚንጠባጠበው ነው። በረጅም የመስኖ ቦይ ላይ የሠራ ሰው ይህን ነገር በሚገባ ያውቀዋል፤ ከቦዩ ራስ ላይ የምትቀነስ ጥቂት ውኃ፣ ከቦዩ ግርጌ ላለው ማሳ የሙሉ ቀን ድርሻ ናት።

ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው ዕቃዎች ደግሞ ቁርጡ ክፍያ ይከፋል። አንድ የቆየ የኢትዮጵያ ቴምብር በ3 ዶላር ተሸጦ ለፖስታ 1 ዶላር ቢጨመርበት፣ ከመቶው ድርሻ 54 ሳንቲም፣ ከቁርጡ 30 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 84 ሳንቲም ይሄዳል፤ ይህም ከቴምብሩ ዋጋ ከሩብ በላይ ነው። የኮቴ ጠባይ ዝቅተኛውን ዕቃ መጫን ነው፤ የመቶኛ ጠባይ ትርፉ የሳሳውን ነጋዴ መጫን ነው። የኤሌክትሮኒኩ ገበያ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይጠቀማል። ከዚህ በላይ ደግሞ «በፈቃድ» የሚባል ሦስተኛ ክፍያ አለ፤ ዕቃው በፍለጋ ዝርዝር ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ ሻጩ ከሽያጩ በመቶ ይህን ያህል ልስጥ ብሎ ይስማማል። ከላይ የተጠቀሰችው ሻጪት በመቶ 5 ብትሰጥ የሚቀራት 7 ዶላር ከ51 ሳንቲም ብቻ ነው። ጎረቤቷ ሻጭ ከፍሎ እርሷ ካልከፈለች ሙዳይዋ ከዝርዝሩ ግርጌ ስለሚወርድ፣ ፈቃድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ አድማጭ ይፍረደው።

ለገበያው ባለቤት መከላከያ የሚሆን ቃል የለም ማለት አይደለም። ገበያው አጭበርባሪን ይከታተላል፤ ዕቃው ያልደረሰውን ገዥ ይክሳል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ገዥዎችን ወደ አንድ ቦታ ይጠራል። የሁርሶው ፍየል ሻጭ የሚያገኘው የድሬዳዋን ገዥ ነው፤ የሙዳይዋ ሻጪት ግን ከማታውቃቸው ከተሞች ገዥ ታገኛለች። ይህ እውነተኛ አገልግሎት ነው፤ ዋጋም ሊኖረው ይገባል። ክርክሩ ክፍያ ይኑር አይኑር የሚል አይደለም። ክርክሩ የክፍያውን መጠን የሚወስነው ምንድን ነው የሚል ነው።

የአገልግሎቱ ወጪ ቢሆን ኖሮ ክፍያው በየአገሩ ተቀራራቢ በሆነ ነበር። የታየው ግን ይህ አይደለም። በጃፓን ያሁ በመስከረም 1999 ጨረታውን በነጻ ከፈተ፤ ኢቤይ በ2000 ክፍያ ይዞ ገባ፤ በ2002 ዘግቶ ወጣ። በቻይና አሊባባ በ2003 ታኦባኦን ለሻጮች በነጻ ሲከፍት፣ ቀደም ብሎ ገብቶ የነበረው ኢቤይ ተሸንፎ በ2006 መጨረሻ የራሱን ገበያ ለአገሬው ኩባንያ አስረከበ። በእነዚህ አገሮች ሻጩ ስሙን ገና በአንድ መዝገብ ላይ አልገነባም ነበር፤ ስለዚህ ነጻ ወደሆነው ለመሄድ የሚጥለው ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ግን ያሁም አማዞንም በ1999 አካባቢ ተወዳዳሪ ጨረታዎችን ከፍተው ሻጩን ከኢቤይ ሊነቅሉት አልቻሉም። ሺህ ምስክርነት ያለው ሻጭ ወደ አዲሱ ገበያ ቢሄድ እንደ ትናንት ጀማሪ ከዜሮ ይጀምራል። የጃፓኑ ገበያም ቢሆን በነጻ እንደጀመረ አልቀረም፤ ሻጮቹ ከተደላደሉ በኋላ የሽያጭ ድርሻ መውሰድ ጀመረ።

ከቅርቡ ዘመን የሚጠቀስ ተቃራኒ ማስረጃም አለ። ኢቤይ በጀርመን በ2023፣ በእንግሊዝ በ2024 ነጋዴ ላልሆኑ ግለሰብ ሻጮች የሽያጭ ድርሻውን አነሣ። ምን ተገኘ ቢባል፣ ቪንትድ የተባለ፣ ከሻጭ ምንም የማይወስድ የልብስ መገበያያ በእነዚያ አገሮች ሰፍቶ ስለነበረ ነው። ያገለገለ ሸሚዝ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ብዙ የሚጠብቀው ስም የለውም፤ ነገ ከሌላ ቦታ ሊሸጥ ይችላል። በመቶ 13 የሚባለው የማይቀነስ ወጪ በአንድ ሌሊት ዜሮ ሆነ። በእንግሊዝ በ2025 መጀመሪያ ክፍያው «የገዥ መጠበቂያ» በሚል ስም ከገዥው ወገን ተመለሰ፤ ቢሆንም ቁጥሩ የወጪ ውጤት እንዳልነበረ አስቀድሞ ታይቷል።

ግንብ ባላቸው የጨረታ አዳራሾችም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሶዝቢስና ክሪስቲስ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የሥዕልና የቅርስ አጫራቾች፣ ለሻጭ የሚሆን ሌላ በር እንዳይኖር በ1990ዎቹ ዓመታት የሻጩን ክፍያ በምሥጢር ተስማምተው መወሰናቸው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተረጋግጧል። የሶዝቢስ ሊቀ መንበር የነበረው አልፍሬድ ታውብማን በ2001 ጥፋተኛ ተብሎ ታስሯል፤ ሁለቱ ድርጅቶችም ለደንበኞቻቸው 512 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። በወንጀል ስምምነት የተዘጋው በር በኤሌክትሮኒኩ ገበያ ያለ አንዳች ስምምነት፣ በመዝገቡ አሠራር ብቻ ይዘጋል። ለዚህም ነው ጉዳዩ ለሕግ ባለሙያ ብቻ የማይተወው፤ የሚዘጋው በር የተሠራው በመሐንዲስ እጅ ነውና።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ፣ ከሁርሶ ብዙም የማትርቀው ድሬዳዋ ራሷ ያየችውን ያስታውስ።

ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጋር የኢትዮጵያ ቡና ጨረታ ከሚካሄድባቸው ሁለት ከተሞች አንዷ ነበረች። የሐረር ቡና ከደጋው ወርዶ የሚሸጠው በዚህ ጨረታ ነበር። አቅራቢው ቡናውን ያመጣል፤ ናሙና ይወጣል፤ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ላኪዎች የመጣበትን ሥፍራ አውቀው ይጫረታሉ። ያ ጨረታ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ቡናም በ2001 ዓ.ም. ወደዚያ ሲዞር ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ሻጭ ገንዘቡን በማግሥቱ ያገኝ ጀመር፤ ዋጋ በየከተማው በሰሌዳ ላይ ይታይ ጀመር፤ ቡናው በታወቀ መጋዘን፣ በድሬዳዋም ጭምር፣ ተመዝኖና ተቀምሶ ደረሰኝ ይሰጠው ጀመር። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጩኸትና በእጅ ምት ይካሄድ የነበረው ግብይት ወደ ኤሌክትሮኒክ ተለወጠ።

ይሁን እንጂ ቡናው ወደ መጋዘኑ ከገባ በኋላ የሚታወቀው በዓይነቱና በደረጃው ብቻ ሆነ። የእገሌ ቡና፣ የዚህ ቀበሌ ቡና መሆኑ ቀረ። ሥርዓቱ የተነደፈው ለእህል ዓይነት ምርት ነበር፤ አንዱ ኩንታል ከሌላው ጋር ቢቀላቀል ጉዳት በሌለው ምርት አሠራሩ ትክክል ነው። የሐረር ቡና ግን በፀሐይ የሚደርቅ፣ ከአንዱ አምባ እስከ ሌላው ጣዕሙ የሚለያይ ነው። ቡናውን በጥንቃቄ አድርቆ ያቀረበ ሰውና በግዴለሽነት ያቀረበ ሰው አንድ ደረጃ ካገኙ በአንድ ክምር ገቡ። ልዩ ጣዕም ፈላጊ የሆኑ የውጭ አገር ገዥዎች የቡናውን ምንጭ ማወቅ አልቻልንም ብለው ቅሬታ ያሰሙት ወዲያውኑ ነበር። እዚህ ላይ የገበያው ክፍያ ስንት ነበር የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ አቅራቢው ከክፍያ የበለጠ ነገር ሰጥቶ ነበርና፤ ስሙን።

ነገሩ እስኪስተካከል ዓመታት ፈጅቷል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051፣ ከእርሱም በኋላ የመጡት መመሪያዎች የቡናውን ምንጭ መከተል የሚያስችልና አምራችና አቅራቢ ከላኪ ጋር በቀጥታ የሚገበያይበት መንገድ ከፈቱ። በዚህ መካከል ያለፉት ዓመታት ለማንም አልተመለሱም። አንድ ሥርዓት ከተሠራና ሁሉም ሰው ከገባበት በኋላ፣ መጀመሪያ በንድፉ ላይ በአንድ መሥመር ሊጻፍ ይችል የነበረውን ነገር ለመጨመር አዋጅ ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ገበያ ገና እየተሠራ ያለ ነገር ነው። የድሬዳዋው የታወቀ ገበያ የቀፊራ ስም ሳይቀር ለአንድ የኢንተርኔት መገበያያ መጠሪያ ሆኖ ያውቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከእጅ ስልክ ወደ እጅ ስልክ መላክ በገጠርም የተለመደ ሆኗል። እንግዲህ የሁርሶው ፍየል ሻጭ ወይም ሽንኩርት አምራች ምርቱን በስልኩ የሚያጫርትበት ጊዜ ሩቅ ነው ማለት አይቻልም። በመጀመሪያ ሁሉም በነጻ ይሆንለታል። ከገዥዎቹ ምስክርነት ይሰበስባል፤ አምስት ዓመት ሲሞላው አምስት መቶ ሰው «ታማኝ ነው» ብሎለት ይሆናል። በስድስተኛው ዓመት ክፍያው ሲመጣ፣ በሰባተኛው ሲጨምር፣ ያን አምስት መቶ ምስክር ይዞ የት ይሄዳል?

ለዚህ ጥያቄ የመንግሥት የዋጋ ተመን መልስ አይሆንም። ተመን ቢወጣ ክፍያው ስሙን ለውጦ በማስታወቂያ፣ በማስቀደሚያ ወይም በገንዘብ ማስተላለፊያ በኩል ይመለሳል፤ የእንግሊዙ ምሳሌ ይህን አሳይቷል። ክፍያው ከምን ላይ እንደሚታሰብ በግልጽ እንዲደነገግ ማድረግ ግን ይቻላል፤ የመኪናና የታክስ ብር የሻጩ ገቢ ስላልሆነ የድርሻው መሠረት ሊሆን አይገባም። ሻጩም ዕቃውን ከማስመዝገቡ በፊት ለእጁ የሚገባው ብር ስንት እንደሆነ በአንድ ቁጥር ሊነገረው ይገባል፤ ከሁርሶ የሚነሣው ሰው ዛሬ ከቤቱ ሳይወጣ የሚያውቀው ነገር በስልክ ገበያ ላይ የሚጠፋበት ምክንያት የለም። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ዋናው የመዝገቡ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሰው ለአንድ ድርጅት የሰጠውን መረጃ ይዞ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። ይሁንና ሌሎች ሰዎች ስለ እርሱ የጻፉት ምስክርነት በዚህ ይጠቃለላል ወይ የሚለው እስካሁን አከራካሪ ነው፤ ደግሞም መረጃው ቢወጣ እንኳ ሐሰተኛ አለመሆኑን አዲሱ ገበያ የሚያውቅበት ዘዴ ያስፈልገዋል። ዘዴው ለሙያው እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። አንድ ሽያጭ በተፈጸመ ቁጥር ገበያው «ይህ ሻጭ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ዓይነት ዕቃ ሸጠ፤ ገዥው ይህን መሰከረ» የሚል አጭር ጽሑፍ በዲጂታል ፊርማው አትሞ ለሻጩ ሊሰጠው ይችላል። የገዥው ስም በጽሑፉ ላይ መጻፍ አያስፈልገውም። ሻጩ ጽሑፉን በስልኩ ያስቀምጠዋል፤ ስልክ ለሌለው በወረቀት ታትሞ ይሰጠዋል፤ ሌላው ገበያ ፊርማውን መርምሮ ይቀበለዋል። መጥፎው ምስክርነት እንዳይደበቅ ጽሑፎቹ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ከመካከል የጎደለ ቁጥር ካለ የጎደለ ነገር መኖሩ ይታወቃል። የሚጠይቀው የኮምፒዩተር አቅም ከአንድ የፍየል ፎቶግራፍ ያነሰ ነው።

የገበያው ባለቤት ይህን በደስታ ይቀበላል ተብሎ አይጠበቅም፤ ገበያው ካደገ በኋላ ደግሞ ፈጽሞ አይቀበለውም። ገና ደንበኛ ፈልጎ በየመንደሩ በሚዞርበት በዚህ ጊዜ ግን ሻጮችን ለመሳብ ሲል ሊቀበል ይችላል። ዛሬ የእነዚህን ገበያዎች ንድፍ የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ መሐንዲሶች ናቸው፤ ከአሠሪው ጋር የሚፈራረሙት የሥራ ዝርዝርም ገና በእጃቸው ነው።